የሦስት ክሬዲት ዓመት

ኮሌጅ ማለት ሰው የፈለገውን ኮርስ የሚመርጥበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። ሆሳዕና ከተማ ኮሌጅ ስገባ ግን ምርጫ የሚባል ነገር አላገኘሁም። የትምህርት ክፍሉ የሴሚስተሩን ኮርሶች ከነክሬዲታቸው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፣ አብሮ የገባው ባች በሙሉ ያንኑ ገልብጦ ይመዘገባል። ከባቹ ጋር የሄደ ሰው ማሰብ አያስፈልገውም። ማሰብ ያለበት ኤፍ ያገኘ ነው።

እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታትስቲክስ አንድን ወደቅሁ። ሦስት ክሬዲት ናት። እሷን ያላለፈ ሁለተኛውን አይወስድም፣ ሁለተኛውን ያልወሰደ የመመረቂያ ጽሑፍ አይጀምርም። የምትሰጠው ደግሞ በዓመት አንዴ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት እንደገባሁ ከታችኛው ባች ጋር ተቀምጬ መድገም ነበረብኝ። አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

ምዝገባው ግን ያሆዴ ላይ ዋለ። በሀድያ አዲስ ዓመት ከቤት መቅረት የሚታሰብ አይደለም፤ አባቴ ልጆቹን ሁሉ አሰባስቦ ሳይመርቅ በቅቤ የራሰው የበዓል ምግባችን፣ አታካናው፣ አይቀመስም። እንደ አካባቢዬ ልጆች ሁሉ መታወቂያዬን ለዶርም ጓደኛዬ ሰጥቼ፣ «አስመዝግቢኝ» ብዬ ወደ ቤተሰቦቼ፣ ወደ ሌሞ ሄድኩ። ኤፍ እንዳለብኝ ለመናገር አፍሬ ዝም አልኩ። ጓደኛዬ ከሰሜን የመጣች የዋህ ልጅ ናት፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን እንደ ራሷ ገልብጣ አስመዘገበችኝ።

ቅቤ ጠግቤ በሳምንቱ ስመለስ ስታትስቲክስ አንድ ወረቀቴ ላይ የለችም። ወደ ሬጅስትራር ሮጥኩ።

«አድ ድሮፕ አርብ ተዘጋ፣ ከእንግዲህ ኮርስ መጨመር አይቻልም፣ የኔ እህት» አለኝ ሰውየው ቀና ሳይል። «ለከርሞ ነይ።»

ለከርሞ ገባሁ። ከማላውቃቸው ልጆች መሀል ተቀምጬ ኤ አመጣሁ። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል፤ የምነግረው ሰው ስላልነበረኝ ውጤቱን አይቼ ተኛሁ።

ሁለተኛውን በቀጣዩ ሴሚስተር ወሰድኩ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ግን ለከርሞ ተላለፈ፤ ያ ዓመት ደግሞ የባቼ የመጨረሻ ዓመት ነበር። አባቴ «ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች» ብሎ ለቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ተናግሯል። በየሳምንቱ ልነግረው ስልክ አነሳለሁ፣ ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ አውርተን እዘጋለሁ። በመጨረሻ ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል፤ ከፎቶ ቤት ጋዎን ተከራየሁ። አዳራሹ ስለሞላ ቤተሰብ ውጭ ነበር የሚጠብቀው። ባቼ ሲወጣ ተቀላቅዬ ወጣሁ። አባቴ አቅፎኝ አለቀሰ። እሁድ ምእመኑ ቆሞ ስለ እኔ አመሰገነ፣ እኔም አብሬ አሜን አልኩ። ፎቶው ሳሎን ተሰቀለ።

ከዚያ ማንም የማያውቀው አንድ ዓመት መጣ። የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዶርም አይሰጥሽም አሉኝ፤ ክፍያውም በክሬዲት ሆነ። አንዲት ክፍል ተከራይቼ ከተማ ውስጥ ሥራ እየፈለግሁ ነው አልኩ ለቤተሰቤ። ጓደኛዬ ተመርቃ ወደ አገሯ ገብታለች። የባቹ ቴሌግራም መጀመሪያ በቀልድ ይንጫጫ ነበር፣ ቀስ በቀስ የሥራ ማስታወቂያ ብቻ ቀረበት። አንዳንድ ቀን ከባለ ሱቋ ሌላ ሰው ሳላናግር ይመሻል። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ገበያ ውስጥ ካየሁ ተጠምዝዤ እሄድ ነበር። ብቸኝነት እንዲህ ውሸትን መጠበቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በእውነተኛው የምረቃዬ ቀን ታናናሾቼ መሀል ቆምኩ። ሁሉም አበባ ታቅፎ ቤተሰቡን ይፈልጋል። ፎቶ አንሺው «ቤተሰብ የለም?» አለኝ።

«ዓምና መጥተዋል» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝና ወደ ሌሎቹ ሄደ።

ዲግሪዬ ሲሰጠኝ ይዤው ሌሞ ገባሁ። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ አባቴ ግን «እስቲ አምጪው» አለ። መነጽሩን አድርጎ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያነብ ቀስ እያለ ከላይ እስከ ታች አነበበው። የተመረቅሁበት ቀን ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ወደ ፖስታው መልሶ መነጽሩን አወለቀ።

«ታዲያ ያን ቀን» አለኝ፣ «ማን አጨበጨበልሽ?»