በፍልውሃው መብራት የጠፋበት ምሽት

ጉደር ወንዝ የገለታን አባት ሲወስድ ገለታ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር።

ወሩ ሐምሌ ነው። አባትና ልጅ ጤፋቸውን ሸጠው፣ ጨውና ሸማ ገዝተው፣ ወደ መንደራቸው ወደ ሸነን ሲመለሱ ወንዙ ዳር ደረሱ። ሲገቡ ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር። ከላይ የዘነበው ዝናብ ያመጣው ጎርፍ ግን መሐል ላይ አገኛቸው። አባትየው ኦቦ ኤጄታ ልጁን በሁለት እጁ ወደ ዳር ገፈተረውና ልጁ የሾላ ሥር ጨበጠ። እሱ ራሱ ከታች አንድ ቋጥኝ ላይ ተንጠለጠለ። መሸ። ልጅ «አባ» ሲል አባት «አለሁ፣ እንዳትለቅ» ይላል። ደግሞ «አባ» ይላል፤ «አለሁ» ይላል። እንዲህ ሲባባሉ ቆዩና ከጊዜ በኋላ ልጁ ቢጠራም የሚመልስ ጠፋ። ሲነጋ የአገሩ ሰው ገመድ ጥሎ ገለታን አወጣው። ጣቶቹን ከሥሩ ላይ ያላቀቁት አንድ በአንድ ነው።

ከዚያ ወዲያ ገለታ ሁለት ነገር ይፈራል፤ የማታ ውሃና ተጠርቶ የማይመልስ ሰው።

እንዲህ ያለው ሰው የፍልውሃ ጠባቂ መሆኑን የሰሙ ሁሉ ይስቁበት ነበር። ነገሩ እንጀራ ነው። ገለታ አምቦ ገብቶ በቀን ሠራተኝነት ድንጋይ ሲሸከም፣ ቦጂያ የሚባል ባለሀብት ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ፍልውሃ በድንጋይ ሊያስገነባ ፈለገ። ገለታ ግንቡን ከገነቡት አንዱ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ቦጂያ «ጠባቂ ሁንልኝ» አለው፤ እሱም ሆነ፤ በዚያው ሸበተ። ሁለት ገንዳ አለ። የታችኛው ሰፊና ለብ ያለ ነው። የላይኛው ጠባብ ነው፤ ውሃው ከምንጩ በቧንቧ በቀጥታ ስለሚገባበት ያቃጥላል፤ በመሐሉ ደረት ይደርሳል፤ ብርድ ሲሆን እንፋሎቱ አጠገብ ያለን ሰው ይሰውራል። ገለታ ራሱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ገብቶ አያውቅም። ገላውን የሚታጠበው በባልዲ ቀድቶ ነበር።

አጠባበቁ የራሱ ነው። በየገንዳው ዳር ረጅም አግዳሚ እንጨት ተክሏል። ወደ ውሃ የሚገባ ሁሉ ጋቢውን ወይም ፎጣውን እዚያ ይሰቅላል፤ ሲወጣ ያነሣል። ገለታ ራስ አይቆጥርም፤ ራስ ይጠልቃል፣ ይዞራል፣ በእንፋሎት ይጠፋል። ልብስ ግን ከተሰቀለበት አይነቃነቅም። አግዳሚው ላይ ልብስ ካለ ውሃው ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም አግዳሚ ባዶ መሆኑን ያይና፣ «ማን ቀረ?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጣራና በሩን ይቆልፋል። በእሱ ጊዜ ፍልውሃው ማንንም በልቶ አያውቅም።

በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባደድ ልጁ ሃዋኒ መጣችበት። ሃዋኒ በዩኒቨርሲቲ ቱሪዝም ተምራ ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ ናት።

«አባ፣ አንድ ምሽት ብቻ ክፈትልኝ» አለችው። «የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከከተማም ጥቂት ሰዎች ይመጣሉ። መጀመሪያ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ተጋድመው ኮከብ ሲወረወር ያያሉ። በየዓመቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ ብዙ ይወረወራል። ዘንድሮ ደግሞ ጨረቃ የለችም።»

«በቀን አይሆንም?»

«በቀን ኮከብ ከየት ይመጣል፣ አባ?»

«በቀን ውሃ አለ። እሱ ይበቃል።»

«ፈርተህ ነው።»

«አዎ ፈርቼ ነው» አላት። «እዚህ ሰው ያልሞተው እኔ ስለምፈራ ነው።»

ሃዋኒ ልትስቅ ብላ ተወችው። ቦጂያን አስቀድማ አስፈቅዳለች። ገለታም ይህን ሲሰማ መከራከሩን ተወ። እምቢ ቢል ልጁ ደግሞ አንድ ዓመት ቤት ልትቀመጥ ነው። ዓመቱም በየመንገዱ ተኩስ የሚሰማበት የፍርሃት ዓመት ነበር፤ ሰው ሳይመሽ ቤቱ ይገባል፤ ከጨለመ መንገድ ላይ መኪና አይታይም። ይህን ሁሉ እያወቀ አውቶቡስ ሙሉ ሰው መምጣቱ ለገለታ እንቆቅልሽ ሆነበት።

የመጡት ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሜዳው ላይ ውርጭ መውረድ ጀምሯል። ከፊት የሚመራቸው ፍሮምሳ የሚባል የፊዚክስ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ አንገቱን በሻርፕ የጠመጠመ። ከኋላ ወይዘሮ ፀዳለ አሉ፤ ለጉልበታቸው ሲሉ በየሳምንቱ የሚመጡ የገለታ የዘወትር ደንበኛ።

«ኦቦ ገለታ፣ አካም ኦልታኒ? እንዴት ዋሉ? ዛሬ ደግሞ የሌሊት ወፍ ሆኑልን።»

«እርስዎ ነገ ጠዋት ቢመጡ አይሻልም ነበር? ጉልበትዎ ጨለማ አይወድም።»

«ጉልበቴ ምን ያያል? ኮከብ ያማራት ዓይኔ ናት።»

ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ገብተው በእንፋሎት መሐል ጨዋታው ደራ። ወይዘሮ ፀዳለ ከታችኛው ገንዳ ሆነው ፍሮምሳን ያዙት። «እናቶቻችን ኮከብ ሲወርድ አንድ ሰው ሞተ ይሉ ነበር። አንድ ባየን ቁጥር እናማትብ ነበር። ዛሬ ስንት ይወርዳል ነው የምትለው?»

«በሰዓት ከሃምሳ በላይ ሊታይ ይችላል፣ እማማ።»

«እንግዲያ ከአምቦ ማን ሊተርፍ ነው?»

ሁሉም ሳቀ። ፍሮምሳም እየሳቀ፣ የሚወርደው ኮከብ እንዳልሆነ፣ ጠጠርና አቧራ እንደሆነ፣ አየር ሲነካው እንደሚቃጠል አስረዳ።

«አቧራ ለማየት ነው እንዴ ገላዬን የታጠብኩት?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

ገለታ ግን አልሳቀም። በአምፖሉ ብርሃን ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ጋቢና ፎጣ ያያል። ሃዋኒ ላይ ታች ትሮጣለች፤ ለአንዱ ፎጣ ታቀብላለች፣ ለሌላው ሣሩ ላይ ሸራ ታነጥፋለች። ፊቷ ገርጥቷል። ብርድ ነው ብሎ አለፈው።

ጊዜው ሲደርስ ፍሮምሳ ወደ ገለታ ጠጋ አለ። «አሁን መብራቱን እናጥፋ፣ ኦቦ ገለታ። ሁሉንም።»

«አንዱን ብንተወውስ?»

«አንዱም አይቀር። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይፈጃል። ትንሽ ብርሃን ካየ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ስልክም እንዳይበራ ነግሬያቸዋለሁ።»

«መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይውጣ» አለ ገለታ።

ወጡ። ሰውነታቸው እየጨሰ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ሣሩ ላይ ተጋደሙ። ገለታ የታችኛውን አግዳሚ አየ፤ ባዶ ነው። የላይኛውን አየ፤ ባዶ ነው። እንፋሎቱ ገንዳውን እንደ ነጭ ሸማ ሸፍኖታል። «ማን ቀረ?» ብሎ ተጣራ። ከቧንቧው ከሚወርደው ውሃ በቀር ድምፅ አልነበረም። ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫነ።

ጨለማው በአንድ ጊዜ ወረደ። ገለታ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሣሩ ላይ ያሉት «ያው»፣ «ደግሞ እዚያ» ይባባላሉ። አንዱ ረዘም ያለ አረንጓዴ ጭረት ጥሎ አለፈ መሰል፣ ሁሉም ባንድ ላይ ትንፋሹን ሳበ። ገለታ ቀና አላለም። ዓይኑን የተከለው ውሃው አለበት ብሎ በሚያስበው ቦታ ላይ ነው። አግዳሚው ባዶ ነው፤ አግዳሚው ባዶ ነው ይላል በሆዱ። ልቡ ግን አላረፈችም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው በጨለማው እየዳበሰ መጣ። ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው።

«ኦቦ ገለታ፣ ይህ ጋቢ የማን ይሆን? ለሁሉም አዳርሼ አንድ ተረፈኝ።»

«ምኑን ነው ያዳረሱት?»

«ጋቢውን ነዋ። ከፍልውሃ ወጥቶ ውርጭ ላይ መጋደም ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? ምች ሊመታቸው ነው ብዬ መብራቱ ሳይጠፋ አግዳሚው ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ አለበስኳቸው።»

ገለታ ተነሣ። «ከየትኛው አግዳሚ?»

«ከሁለቱም።»

ጋቢውን ተቀበላቸው። ማየት አይችልም፤ ጠርዙን በጣቶቹ ዳበሰ። አንድ ጥግ ላይ ወፍራም ስፌት አገኘ። አጥር ቀዶት በጆንያ መርፌ የሰፋው ራሱ ነው። የሃዋኒ ጋቢ ነው።

«ሃዋኒ» አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ሃዋኒ። ሃዋኒ ኮ፣ የኔ ልጅ።»

ከሣሩ ላይ አንድ ተማሪ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» አለ።

«ልጄ እናንተ ጋ ናት?»

ማንም አልመለሰም። ፍሮምሳ በጨለማ ውስጥ ተነሥቶ፣ «ቀደም ሲል ውሃው ጋ ስትሄድ አይቻታለሁ፤ ትንሽ ልሙቅ ብላኝ ነበር። ወጥታለች ብዬ…» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ወደ ማብሪያው ሮጠ። ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። መብራት ሄዷል። ከታች አምቦ ከተማም ጨልሟል።

ገለታ መብራቱ እስኪበራ አልቆየም። የላይኛው ገንዳ ደረጃ ላይ ደርሷል። ጫማውን አላወለቀም። አንድ ደረጃ ወረደ፤ ውሃው እግሩን ፈጀው። ሌላ ወረደ። ጉልበቱን ሲያልፈው ሰውነቱ ሁሉ ተመለስ አለው፤ ጆሮው ውስጥ የገዛ ደሙ ይጮኻል፤ እግሩ ከመርገጡ በፊት ወለል ይኑር አይኑር አያውቅም። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ በእንፋሎቱ ውስጥ ይዳብሳል። የሚጨብጠው ውሃ ብቻ ነው። «ሃዋኒ» ይላል። ያዳምጣል። ከቧንቧው ድምፅ በቀር ምንም የለም። ወገቡ ደረሰ። ከዚህ በላይ አንድ እርምጃ መሄድ አቅቶት ቆመ።

ያኔ ከኋላው ብርሃን መጣ። አንድ ስልክ ነበር፤ ወዲያው ሦስት፣ አራት ሆነ፤ ከዚያ ግንቡ ዙሪያውን በራ። ሰዎቹ ከሣሩ ተነሥተው፣ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ መጥተው ነው። እንፋሎቱ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ስለሚወጋ ፍሮምሳ «ዝቅ አድርጉት፣ ውሃው ላይ» አለ። ዝቅ አደረጉት። ቧንቧው አጠገብ፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ጥቁር ነገር ታየ። ፀጉር ነው። ሃዋኒ ጭንቅላቷን ድንጋዩ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች፤ ውሃው ከታችኛው ከንፈሯ ሥር ይላል፤ ዓይኗ ተከድኗል።

ወደ እሷ የሚወስደው በመሐሉ ነው። ገለታ ደረቱ እስኪሰጥም ሄደ። ብብቷን ይዞ አነሣት። ሰውነቷ እንደ ውሃው ይፋጃል፤ አንገቷ ወደ ኋላ ወደቀ። መሞት አለመሞቷን አላወቀም። ቀና ሲል በግንቡ ዙሪያ እጅ በእጅ ላይ ተዘርግቷል። ተቀብለውት አወጧት።

ሣሩ ላይ ሲያስተኟት አንዲት ልጅ ጋቢ ልታለብሳት አለች። ወይዘሮ ፀዳለ እጇን መለሱት። «ተይ፣ ብርዱ ይንካት» አሉ፣ ያው ጋቢ ሲያድሉ ያመሹት ሴትዮ። እግሯን ከፍ አደረጉ፣ ግንባሯን በውርጭ ሣር አበሱ፣ ጉንጯን መታ መታ አደረጉ። ገለታ ልብሱ እየተንጠባጠበ ቆሞ ከንፈሯን ያያል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ።

«አባ» አለች ቀስ ብላ። «ረጥበሃል።»

አጠገቧ ተቀመጠ።

«ዛሬ ምን ቀምሰሻል?» አሏት ወይዘሮ ፀዳለ።

«ጾም ነው።»

«ጾሙ ቢሆንስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይበላ የለም እንዴ?»

«ስሮጥ ረሳሁት።»

በባዶ ሆድ የሞቀ ውሃ ውስጥ ገብታ ራሷን ስታለች። አንዱ ከአውቶቡሱ ስኳር አመጣና በጥብጠው አጠጧት። ወይዘሮ ፀዳለ ጋቢውን አንሥተው አጣጠፉት። «እኔ ነኝ ልገድላት የነበርኩት፣ ኦቦ ገለታ» አሉት። «ሰው እንዳይበርደው ብለው ነው» አላቸው። ሾፌሩ መንገዱን ፈርቶ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ ማንም ወደ ሰማይ አላየም።

በሚቀጥለው ታኅሣሥ ሃዋኒ ሰዎቹን ደግማ አመጣች፤ በየዓመቱም ታመጣለች። ገለታ ከልክሎ አያውቅም። ግን የላይኛው ገንዳ ዳር በቀይ ላስቲክ የተሸፈነ ፋኖስ ይበራል፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን አይጎዳም ያለው ፍሮምሳ ነው። የሌላ ሰው ጋቢ መንካት ክልክል ነው። ወይዘሮ ፀዳለ በመጡ ቁጥር ተማሪዎቹ «ጋቢያችሁን ያዙ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸውም «ምች ሲመታህ ታገኘኛለህ» ይላሉ። ሁሉም ሣሩ ላይ ሲጋደም ገለታ ፋኖሱ አጠገብ ይቆማል። አሁንም ይፈራል። አሁንም ቀና አይልም።

አንድ ጊዜ ከእንግዶቹ አንዱ፣ በሕይወቱ ካየው ሁሉ የሚበልጥበት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀው። ገለታ ጥቂት አሰበና እንዲህ አለው፦

«ሰዎቹ የመጡት ለኮከብ ነው። በዚያ ሁሉ የመንገድ ፍርሃት ውስጥ። ብርሃን አታሳዩ ተብለዋል፤ ዓይናቸው ገና ጨለማውን መልመዱ ነበር። ሰማዩም ደህና አድርጎ ይወረወር ነበር አሉ። እኔ ስጠራ ግን ሁሉም ስልኩን አብርቶ መጣ። ቀስ ይበሉ ያለኝ ልጅ እንኳ ከሁሉ ቀድሞ ነው የደረሰው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ወገቤ ድረስ ገብቼ እዚያው ቆሜ እቀር ነበር፤ አውቀዋለሁ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው፤ የሚያየውን ትቶ የሚመጣ ሰው።»