በየሺ ሠርግ ዲጄ የሆንኩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከልኝ። ሁለቱም የዲጄ ኮንትሮለር ናቸው፤ እነዚያ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዘው አንዱን ዘፈን ከሌላው የሚያዋህዱ፣ ሁለት ክብ ሰሃን የመሰለ ነገር የተገጠመላቸው ጠፍጣፋ ዕቃዎች። አንዱን ገዝቶ ቅዳሜና እሑድ በሠርግና በምርቃት ላይ ሊሠራበት አስቧል። ከሥር «ቲቸር፣ ከኮምፒውተር ጋር የዋሉት እርስዎ ነዎት፤ የትኛው ይሻለኛል? ሶፍትዌሩስ?» ብሎ ጽፏል።

ይህ ልጅ እኔን የሚያውቀኝ በቾክና በኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ነው። ፎቶዎቹን በጣቴ እያሰፋሁ ቁልፎቻቸውን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥር ስለሆነ ይሆናል፣ የጠዋቱ ብርድ ገና ከግድግዳው አልወጣም ነበር።

ያደግኩት እንጅባራ ነው። አባቴ አናጺ ነበሩ፤ በከተማችን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ። ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ እስካገኝ ድረስ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ የምቆጣጠረው እኔ ነበርኩ። ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ማዳመጫ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ የሰባኪው ማይክ ሲጮኽ ዝቅ፣ የዘማሪዋ ድምፅ ሲሰንፍ ከፍ አደርጋለሁ። ማንም ዞሮ የማያየው ሥራ ነው። እኔ ግን እወደው ነበር። ስህተቱን ጉባኤው ሳይሰማው ቀድሜ ስሰማውና ሳርመው፣ ልቤ ውስጥ ትንሽ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

የሺ የልብ ጓደኛዬ ናት። ቤተሰቦቿ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ የኦርቶዶክስ ገበሬዎች ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አገውኛ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከተማ ውስጥ ቤት ሲፈልጉላት የእኛን ጓሮ ክፍል ሰጠናት። አባቷ አቶ አለኸኝ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቋን በፈረስ ጭነው ይመጣሉ፤ ድንችና የገብስ ዱቄት፣ አንዳንዴ ማር። ከዚያ ከአባቴ ጋር ግቢ ውስጥ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው በአገውኛ ያወጋሉ። አባቴ አገውኛ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፣ ይፈጥናል፣ ሳቅ ይበዛዋል። ከእኛ ከልጆቻቸው ጋር ግን ሁልጊዜም በአማርኛ ነበር።

የሺ የምታገባው የአዲስ ቅዳም ልጅ ነበር። ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሊጫወት ቃል የገባው ዲጄ በዚያው ቀን የባሕር ዳር ሠርግ አግኝቶ ሰረዛት። እኛ ቤት መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን እያየች፣

«ሰሊ፣ ሙዚቃውን አንቺ ያዥልኝ» አለችኝ።

መዝሙር እንጂ ዘፈን ነክቼ እንደማላውቅ ነገርኳት። አባቴ ሽማግሌ መሆናቸውንም አስታወስኳት። አላከራከረችኝም፤ የምትለምነው ሌላ ሰው እንደሌላት ብቻ ነገረችኝ። በተለይ ያሳሰባት የወንዱ ወገን ነበር። ከተሜዎች ናቸው፣ አገውኛ አይሰሙም፤ ድንኳኑ ሲደበዝዝ ካዩ «የገጠር ሠርግ» ብለው እንዳይስቁባቸው ፈርታለች።

ማታውኑ ለአባቴ ነገርኳቸው። ሳንቃ እየላጉ ነበር። መላጊያውን አላቆሙም።

«የጠየቀችሽ ራሷ የሺ ናት?»

«አዎ፣ አባባ።»

ጥቂት ከላጉ በኋላ፣ «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሂጂ አልልሽም» አሉ።

አትሂጂም ግን አላሉኝም። ሌሊቱን ሁሉ ይህችን ቃል ሳገላብጣት አድሬ፣ ጠዋት ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

ዳንግላ የሄድኩት የአክስቴ ልጅ ዮናስ ዘንድ ነው። ዮናስ ለሠርግ ድንኳን፣ ሞንታርቦና ጄኔሬተር ያከራይ ነበር። መንገዱ ዛሬም ይታየኛል። አዲስ ቅዳም ላይ የከሰል ጆንያ ከመንገዱ ዳርና ዳር ተደርድሯል፤ አየሩ ከሰል ከሰል ይላል። ሚኒባሱ ሲቆም ሴቶች በመስኮት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ያቀብላሉ። ብርድ ላይ እንደዚያ ያለ ትኩስ ድንች በየት በኩል እንደሚወርድ አይታወቅም፤ ጣትም ያሞቃል፣ ሆድም ይይዛል።

ዮናስ ጉዳዩን ሲሰማ ሳቀ፤ ግን ዕቃውን ከማውጣት አልሰነፈም። ሁለት ኮንትሮለር ነበረው። አንደኛዋ ትንሽ፣ አዲስ፣ በተነካች ቁጥር በቀይና በሰማያዊ መብራት የምትንቦገቦግ ናት። ሁለተኛው ትልቅ፣ ከባድ፣ ጥቁር ቀለሙ ጥግ ጥጉ ላይ የተላጠ፣ ምንም የማያበራ ነው። ዮናስ ለጀማሪ ትንሿ ትሻላለች፣ ሰውም መብራት ይወዳል አለኝ። ዞር ዞር አድርጌ ሳያት ግን ማዳመጫ የሚሰካባት ቀዳዳ የላትም። ቀጣዩን ዘፈን ከሰው ቀድሞ ለብቻ መስማት አይቻልም ማለት ነው። ይህ ለእኔ ዓይኔን ታስሬ መንገድ እንደ መሻገር ሆነብኝ። ትልቁን ያዝኩ።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩ ነበር። ዮናስ የሚወደው ብዙ ጌጥ ያለው ነው፤ ዘፈኑን እንደ ተራራ ሰንሰለት በቀለም ይስለዋል። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ስንጭነው ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ፤ ሁለት ዘፈን አንድ ላይ ስናስነሳበት ጭራሽ ደርቆ ቀረ። ስለዚህ ቀለል ያለውን ጫንን። እሱም ቢሆን የዘፈኑን ምት ራሱ ቆጥሮ ፍጥነቱን በቁጥር ያሳያል፤ «ሲንክ» የምትባለውን ቁልፍ ሲጫኗት ደግሞ ሁለቱን ዘፈኖች እኩል ያስኬዳቸዋል። እሷ ካለች ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ደስ አለኝ። ዮናስ ለማዋሃጃ የሚሆን፣ ዘፈን የሌለበት የከበሮ ምትም ጨመረልኝ። ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በጋሪ ወደ መናኸሪያ ስንወስድ፣ ባለጋሪው ሕፃን የያዝን መስሎት ፈረሱን ቀስ አድርጎ ነዳልን።

ከዚያ እስከ ሠርጉ ድረስ፣ ቀድሞ የየሺ በነበረችው የጓሮ ክፍል ውስጥ ተዘግቼ ተለማመድኩ። የከተማ ዘፈኖች በስቱዲዮ የተቀዱ ስለሆኑ ሲንክን ስነካት እንደ ወንድማማች ተያይዘው ይሄዳሉ። አንድ ቀን አባቴ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የምቱ ፍጥነት ነው አልኳቸው። ማን እንደሚቆጥረው ሲጠይቁኝ፣ ራሱ ማሽኑ እንደሆነ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት እነየሺ ቤት ፊት ያለው ሜዳ በአመዳይ ነጥቶ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ሣሩ ረጠበ፤ ድንኳኑ እንፋሎት አወጣ። የሙሽራው ወገን ግማሹ በሚኒባስ፣ ግማሹ በተሸለሙ ፈረሶች መጣ። አባቴም መጥተዋል፤ የአቶ አለኸኝ ልጅ ስትዳር መቅረት አይታሰብም። ከአገር ሽማግሌዎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አልኮል ለማንጠጣው የቀረበውን ብርዝ በዝግታ ይጎነጫሉ። ወደ እኔ ጠረጴዛ አንድ ጊዜም አላዩም።

ለተወሰነ ጊዜ ሁሉም ነገር አማረልኝ። የከተማው ወጣት ይጨፍራል፣ አቧራው ይነሣል፤ የሺም ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና በዓይኗ ታመሰግነኛለች። ከዚያ ወንድሟ አንድ ሜሞሪ ካርድ ይዞልኝ መጣ። በአንድ ዘመዳቸው ድግስ ላይ በስልክ የተቀዳ የአገውኛ የሠርግ ዘፈን ነው፤ የሴቶች ድምፅ፣ ጭብጨባ፣ ከሩቅ የሚሰማ ከበሮ። የእናቷ ወገኖች በዚህ ሊጨፍሩ ከወዲሁ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሥተዋል።

ዘፈኑን ጫንኩት። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ላይ መርጋት አልቻለም። እኔ በለመደ እጄ ሲንክን ተጫንኩ።

ዘፈኑ ድንገት መክለፍለፍ ጀመረ። የእነዚያ እናቶች ድምፅ ቀጥኖ የጫጩት ድምፅ ሆነ። ከሙሽራው ወገን አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ለጭፈራ የተነሡት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላዋን መልሳ ለብሳ ተቀመጠች። የሺ አንገቷን ደፋች። ቋንቋቸው በሞንታርቦ ወጥቶ የተሰማው ምናልባት ያን ቀን ብቻ ነበር፤ የተሰማውም መሣቂያ ሆኖ።

ሲንክን አጠፋሁ። ዘፈኑን በራሱ ፍጥነት ለቀቅኩት። ድምፁ ወደ ሰው ድምፅ ተመለሰ፤ ነገር ግን ከበሮው ከሩቅ የተቀዳ ስለሆነ በጄኔሬተሩ ጩኸት ተውጦ ለጭፈራ የሚያስነሣ ጉልበት አልነበረውም። የዮናስን ከበሮ ከሥሩ ልጨምርለት ፈለግኩ። በማዳመጫው በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ ፍጥነቱን ላስተካክል ብሞክር፣ ምቱ የቱ ጋ እንደሚወድቅ ጠፋኝ። ጆሮዬ የሚያውቀው መዝሙር ነው እንጂ ይህን አያውቅም።

ቀና ስል ዓይኔ አባቴ ላይ ወደቀ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው መሬት መሬት ያያሉ። እጃቸው አይታይም። ግን ቀኝ እግራቸው ሣሩን ይመታል። ቀስ ብሎ፣ ሳይሳሳት፣ ራሱን ችሎ ይመታል። ከዘፈኑ ጋር ነበር።

ከዚያ በኋላ ስክሪኑን አላየሁም። ዓይኔን ከዚያ ጥቁር ጫማ ላይ ሳልነቅል የፍጥነቱን ማንሸራተቻ በጣቴ ገፋሁ፣ መለስኩ፣ እንደገና ገፋሁ። በጆሮዬ የምሰማው ከበሮና በዓይኔ የማየው እግር አንድ ላይ ሲያርፉ የከበሮውን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

መጀመሪያ የተነሣችው ያቺ የተቀመጠችው ትልቅ ሴት ናት። ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ ተነሣ። የሙሽራው ወገን ቃሉን ሳያውቅ ይቀበላል፤ ሲስቅ የነበረው ልጅ መሃል ገብቶ ትከሻውን ይሰብቃል። የሺ ቬሏን ወደ ኋላ ጥላ ከእናቷ ጋር ስትጨፍር አየኋት። አቶ አለኸኝ የአባቴን ጉልበት ያዝ አድርገው በአገውኛ የሆነ ነገር ሲሏቸው፣ አባቴ ያንን የፈጠነ ሳቃቸውን ሳቁ።

ወደ ማምሻው አቶ አለኸኝ ሊያመሰግኑኝ መጡና ነገሩኝ። አባቴ ወደ ጌታ ከመምጣታቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ በዚያ አካባቢ ያለእሳቸው ከበሮ ሠርግ አይደገስም ነበር። እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም።

ስንመለስ አባቴ ኮንትሮለሩን ጭናቸው ላይ አቅፈው ይዘውልኝ ነበር። ከበሮ ይመቱ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

«ድሮ ነው» አሉኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ «መሃል ላይ ፈጥነሽ ነበር። ኋላ ግን አገኘሽው» አሉ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ብዙ አልፈጀበትም። የሽማግሌ ልጅ ዓለማዊ ዘፈን አጫወተች ተብሎ ጉዳዩ ስብሰባ ላይ ቀረበ፤ ለጊዜው ከአገልግሎት እንዳርፍ ሐሳብ ተሰጠ። እኔ ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ የአባቴ ድምፅ በመስኮቱ ተሰማኝ።

«እሷ የጓደኛዋን አደራ ነው የተወጣችው። እኔ ግን ማንም ሳያዘኝ እግሬ መትቷል። ማረፍ ካለ ሁለታችንም እንረፍ።»

በመጨረሻ ሁለታችንም እስከ ፋሲካ ድረስ እንድናርፍ ወሰኑ። ቅሬታ አልነበረኝም፤ ሕጋቸው ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ከአባቴ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በሕይወቴ እንደዚያ አብሬያቸው የተቀመጥኩበት ጊዜ የለም። በእኔ ቦታ የተተካው ልጅ ድምፁን ሲያበዛው ዘንበል ይሉና «ወፍራሙ ድምፅ አልበዛም?» ይሉኛል በሹክሹክታ። በዝቷል እላቸዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቃችንን በመዝሙር መጽሐፉ እንሸፍናለን።

ከዚያ በኋላ ለሠርግ አልተጫወትኩም። በዓመቱ የማስተማር ሥራ አገኘሁና ወደ ዳንግላ መጣሁ። ዮናስ ዕቃውን ሸጦ ሌላ ንግድ ጀመረ። የሺ አዲስ ቅዳም ልጆች እያሳደገች ነው። ያ የአገውኛ ዘፈን የነበረበት ሜሞሪ ካርድ የት እንደገባ እሷም ወንድሟም አያውቁም። አንዳንዴ ዜማውን ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ ጫፉ ይመጣና ይጠፋል።

ለወጣቱ መምህር የማውቀውን ጻፍኩለት። ማዳመጫ የሚሰካበት መኖሩን እንዲያይ፣ ሶፍትዌሩን ከመግዛቱ በፊት በራሱ ላፕቶፕ ላይ እንዲሞክረው፣ ሲንኩን አጥፍቶም እንዲለማመድ። እሱም አመስግኖ ማዳመጫ የሚሰካበትን፣ ሁለተኛውን እንደሚገዛ ነገረኝ። ሠርጉን አልነገርኩትም፤ በቴሌግራም የሚያልቅ አልሆነልኝም።

አባቴ አሁን እኔ ዘንድ ይኖራሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረንዳው ላይ ስታርፍ ወንበራቸውን አወጣላቸዋለሁ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልተደጋገመላቸው አይሰሙም። ያን ቀን የመቱት ለየሺ አዝነው ይሁን፣ እኔን ሊያድኑ፣ ወይስ እግራቸው ብቻውን አላስችል ብሎት፣ ጠይቄያቸው አላውቅም። ዛሬ ልጠይቃቸው ብል ጎረቤት እስኪሰማ መጮኽ ሊኖርብኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ተጮኾ አይጠየቅም።