ከእኔ ሥር ትሆን ነበር

የበደለችኝ አስካለ ናት፤ ጊዜውም በደርግ ዘመን፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረበት ክረምት። ስሟን ከጠራሁ ቆይቻለሁ። ባለፈው እሑድ ግን የእህቴ ልጅና ጓደኞቿ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሊጋብዙኝ ወሰዱኝ። ሁሉም በየባንኩ የተቀጠሩ ናቸው። ዓሣው እስኪመጣ ማዕረጋቸውን ማመዛዘን ጀመሩ።

«አንቺ ሲኒየር ኦፊሰር ብትባዪም እኛ ጋ ጁኒየር ነሽ» አላት የእህቴን ልጅ፣ ከጓደኞቿ አንደኛው። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አስካለና እኔ ከአንድ ንግድ ትምህርት ቤት ወጥተን በአንድ አውቶቡስ ባሕር ዳር የገባን ነን። እኔ ባንክ ተቀጠርሁ፤ እሷ ኢንሹራንስ። ባንኩ በሠራተኛ የተሞላ ስለ ነበር ከጁኒየር ክለርክ ሲኒየር ክለርክ እስክባል ዓመታት ፈጀብኝ። በእሷ ቅርንጫፍ ግን ሥራ አስኪያጁ፣ መልእክተኛውና እሷ ብቻ ነበሩ። እሷም «የካሣ ክፍል ኃላፊ» ተባለች። ክፍሉም እሷ፣ ኃላፊውም እሷ። ደመወዛችን እኩል ነበር።

እኔ እናቴን ከሐሙሲት አምጥቼ ረግረጉ አጠገብ በጭቃ ቤት እኖር ነበር። ክረምት ሲገባ ውሃው ከወለሉ ሥር ይመነጫል። የእናቴ ፍራሽ ከሥር እየራሰ ሳል ያዛት። በዚያ ሰሞን ሐይቁ ዳር፣ ዘንባባዎቹ መካከል፣ በረንዳ ያለው የመንግሥት ቤት ተለቀቀ። እኔም አስካለም አመለከትን። እሷ ብቻዋን ናት፤ የተከራየችው ክፍልም ደረቅ ነው።

የቤት ኮሚቴው ሰብሳቢ ከፋብሪካ የመጡ ሰው ነበሩ።

«ቤቱ የሚሰጠው በኃላፊነት ደረጃ ነው» አሉ። «ከሲኒየር ክለርክና ከክፍል ኃላፊ የቱ ይበልጣል?»

«ጓድ ሰብሳቢ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ይለያያሉ» አልሁ።

ወደ አስካለ ዞሩ። «ጓደኛሽ እናንተ ዘንድ ብትሠራ ምን ትሆን ነበር?»

አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኛ ዘንድ ብትሆን ከእኔ ሥር ትሆን ነበር።»

ውሸት አልነበረም። እነሱ ዘንድ ከሥራ አስኪያጁ በቀር ሁሉም ከእሷ ሥር ነው። ሁሉም ማለት መልእክተኛው ነው። ይህን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተናገረችም።

ቤቱን ወሰደች። ብዙም ሳትቆይ ጭቃውን እየዘለለች እኛ ዘንድ መጣች።

«እማማ፣ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ባዶ ነው። እዚያ ይግቡ» አለቻት እናቴን።

«አትሄድም» አልሁ።

እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። «ወለሉ ይደርቃል፣ ልጄ?» አለቻት።

«ስሚንቶ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያስ እሄዳለሁ። አንቺ ማዕረግሽን ታቅፈሽ ተኚ» አለችኝ።

ሄደች፤ ሳሏም ተዋት። ከሥራ ስወጣ እየሄድሁ እጠይቃታለሁ፤ የምገባው ግን በጓሮ በር ነው። ሁለቱ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታንኳዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ያያሉ። የአምባዛ ዓሣ ጥብስ ይሸታል። «ምነው እንደ ሌባ በጓሮ? በፊት ለፊት ግቢ እንጂ» ትለኛለች አስካለ። አንድ ቀን ስደርስ እናቴ የአስካለን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ሹሩባ ትሠራታለች። እስከዚያ ቀን የቀናሁት በቤቱ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ ዕለት የእህቴ ልጅ የመጣውን ዓሣ እየፈለፈለች «አክስቴ፣ የአንቺስ ማዕረግ በእኛ ዕድሜ ሳለሽ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ሲኒየር ክለርክ።»

«እኛ ጋ ቢሆን...» ብሎ ያው ጓደኛዋ ማስላት ጀመረ።

«ተወው» አልሁት። ሰው የሌላውን ደረጃ የሚያሰላው የት እንደሚያስቀምጠው ለመወሰን ነው፤ ያን አውቀዋለሁ።

በኋላ እኔም የክፍል ኃላፊ ሆንሁ። ሹመቱ በተነገረኝ ዕለት በአስካለ ፊት ለፊት በር ገብቼ እናቴን ይዣት ወጣሁ። የተከራየሁላት ቤት ወለሉ ደረቅ ነበር፤ ሐይቁ ግን አይታይም። አስካለን ዳግመኛ አላነጋገርኋትም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ፣ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ፣ ታንኳዎቹ ተመልሰው እንደ ሆነ ትጠይቀኝ ነበር። አላየሁም እላት ነበር።