ብረቱ ከፊት፣ ድንጋዩ ከግራ

ደብረ ብርሃን ላይ ጉም ሲወርድና የመኪኖቹ ጥሩንባ ታፍኖ ሲሰማኝ፣ ጆሮዬ ዛሬም ሌላ ድምፅ ይጠብቃል፤ ከጎረቤላ ወዲያ፣ አፋፉ ላይ ካለችው ከአጥቢያችን ማርያም ይመጣ የነበረውን ወፍራም የብረት ደወል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ያ ድምፅ ሲዘገይብኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እፈራለሁ።

የደወሉ ጠባቂ አባቴ ነበር። ደወሉ ከቆላ እስከ አሊዩ አምባ በአንድ ሙስሊም ነጋዴ ግመሎች፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዳገት ደግሞ በሰው ትከሻ እንደመጣ ከአባቱ ሰምቶ ይነግረን ነበር፤ ነጋዴውም «ጉም ሲሆን እኔንም ይጠራኛል» ብሎ በነፃ ነው ያመጣው ይል ነበር። በበጋ ዝገቱን በአመድ እያሸ ያስለቅቅ፣ ደወሉ የተንጠለጠለበትን የበሬ ቆዳ ጠፍር ፀሐይ እንዳያደርቀው ሞራ ይቀባው ነበር። እናቴ ልብሱን እያሸተተች «ያገባሁት ደወሉን ነው እንዴ?» ትለው ነበር።

ከደወሉ ጎን ካለው አሮጌ ወይራ ላይ፣ ደወሉ ከመምጣቱ በፊት በደወልነት ያገለግሉ የነበሩ ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተንጠልጥለው ነበር። አባቴ እንዳንነካቸው አጥብቆ ከልክሎናል። ምክንያቱን አልነገረንም፤ እኛም ቅድስና ይሆናል ብለን ተውነው።

ክረምት ሲገባ የደወሉ ሥራ ይለወጥ ነበር። ጉሙ ከቆላ ተነሥቶ ዳገቱን ሲሸፍነው ሰው የገዛ እግሩን አያይም፤ መንገዱ ደግሞ ሲወጡ በቀኙ ገደል ነው። ስለዚህ አባቴ ገበያ የወረደው ሰው ሁሉ እስኪገባ ድረስ ሳያቋርጥ ይደውል ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚያ ድምፅ እየተመራ ይወጣ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ክረምት ጠፍሩ በጳጉሜን መበጠስ ጀመረ። ዕለቱ የገበያ ቀን ነው፤ አባቴ በገበያ ቀን ደወል አውርዶ አያውቅም። ግን ሰው ላይ ይወድቃል ብሎ ፈራ፣ እንቁጣጣሽም ደርሷል፣ ሰማዩም ጠርቷል። እናቴ የበዓል በርበሬ ልትገዛ ስትነሣ «ግድ የለሽም ሂጂ፤ ሳትመለሽ ይሰቀላል» አላት።

«የሰማዩ ዋስ ሆንክ ደግሞ!» ብላው እየሳቀች ወረደች።

አሮጌውን ጠፍር በቢላ ቆርጦ ደወሉን ከጎረቤቶቹ ጋር መሬት አስቀመጠው። አዲሱ ጠፍር እንዲለሰልስ ውኃ ውስጥ ያደረ ነበርና፣ እርጥቡን ቢሰቅሉበት እየተለጠጠ ስለሚጥለው ፀሐይ ላይ ወጠረው። ጎረቤቶቹም ወደየቤታቸው ሄዱ። ከቀትር በኋላ ግን ፀሐይዋ ጠፋች፤ ጉሙ አጥሩን አልፎ ገባ።

የአባቴ ፊት ተለወጠ። መሬት የተቀመጠ ደወል አይጮኽም፤ ሽማግሌው ቄሳችን አባ ወልዴ በበትራቸው ቢመቱት ደብ ብሎ ቀረ። አባቴ «ምራን አምጡ! ቀንበር አምጡ!» እያለ ወደ መንደር ሮጠ፣ ቄሱም ተከተሉት፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እናቴ እታች ናት። ምንም ድምፅ የለም። ዝምታውን መቻል ቢያቅተኝ ወይራው ሥር ሄጄ፣ ጠጠር አንሥቼ ድንጋዩን መታሁት። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ድምፅ ነበረው። እማዬ ትሰማኛለች ብዬ እያለቀስኩ ደጋግሜ መታሁት።

አባቴ የቆዳውን ምራን ትከሻው ላይ ጥሎ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለና እጄን ለቀም አደረገው።

«ተይ! አንቺ ልጅ፣ ተይ! የማዶው ገብርኤል ነው የሚመስላቸው!»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከሸለቆው ማዶ ያለው ገብርኤል ብረት የለውም፣ በጉም ቀን ድንጋይ ነው የሚመታው። ገበያተኛው ሁሉ ሲወጣ ብረቱን ከፊቱ፣ ድንጋዩን ከግራው አድርጎ ነው የሚሄደው። የኔ ድንጋይ ግን ከፊት ነበር የሚጮኸው። እናቴ ድንጋዩን በግራዋ ለማድረግ ወደ ቀኝ መታጠፍ አለባት፤ በቀኝ ደግሞ ገደሉ ነው።

አራት ጎረቤቶቻችን ከበሬዎቻቸው ቀንበርና ምራን ይዘው ደረሱ፤ ደወሉን ቀንበሩ ላይ ጠፍረው በትከሻቸው አነሡት። አባቴ ሥሩ ተንበርክኮ መምቻውን ብረት በእጁ እያወዛወዘ ደወለ። ተሸካሚዎቹ ሲንገዳገዱ «አትልቀቁ! እንዳትለቁ!» ይላል። አንድ አህያ ከጉሙ ወጣ፣ ከኋላው ሽማግሌ ነጋዴ፤ እናቴ አይደለችም። ሁለት ሴቶች ወጡ፤ እናቴ አይደለችም።

በመጨረሻ መጣች። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው፣ አንድ ጫማዋም የለም። አባቴን ትክ ብላ አየችው።

«ማነው ያንን ድንጋይ የመታው? ወደ ገደሉ እግሬን አንሥቻለሁ እኮ ብረቱ ከግራዬ ሲጮኽ!»

አባቴ ወደኔ ዞር እንኳ አላለም። «እኔ ነኝ» አላት። «ደንግጬ ነው።»

ሦስት ቀን አላናገረችውም። በመስከረም፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ አባቴ እጄን ይዞ በዚያ መንገድ አወረደኝና ገደሉን አሳየኝ። «ብረቱ ከፊት፣ ድንጋዩ ከግራ። በይ እስቲ» አለኝ፤ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንሥቶብኝ አያውቅም። ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሰማም ነበር።

አሁን ደወሉ በሰንሰለት ነው የተሰቀለው፤ ሞራ መቀባት ቀርቷል፣ ለጉም የሚደውልም የለም። ሰው መንገድ ላይ ሲዘገይ ስልክ ተደውሎ «የት ደረስክ?» ይባላል። አባቴ አርፏል። እናቴ እኔ ዘንድ ናት፤ ጉም ባየች ቁጥር ለልጆቼ «አያታችሁ ዕድሜ ልኩን ደውሎ ደውሎ፣ አንድ ቀን ቢደነግጥ በድንጋይ ሊገድለኝ!» ትላቸዋለች። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ስንቴ «እኔ ነኝ» ልላት አፌን ከፍቻለሁ። አባቴ ግን ቀድሞኝ ብሎታል፤ መቃብሩ ድረስ ሄጄ ቃሉን ልቀማው አልቻልኩም።