በልቻለሁ

ጉርድ ሾላ ቢሮ ስሠራ ምሳ ቋጥሬ አላውቅም ነበር፤ ደረጃውን ወርዶ ያገኙት ቤት ገብቶ ማዘዝ ነው። እንጦጦ ላይ ወዳለው የውኃ ማጠራቀሚያ ስዛወር ግን ዙሪያው ባሕር ዛፍ ብቻ ሆነ፤ ሻይ እንኳ የሚሸጥ የለም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ካራ ካለው ቤታችን ሳልወጣ ወጡን በምሳ ዕቃ፣ ምሳ ዕቃውን ደግሞ በፌስታል እጠቀልላለሁ። ክዳኑ የሚታመን አይደለም። አንዴ ታክሲ ውስጥ ሽሮው ፈስሶ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቀሚስ ላይ ጉድ ሠርቶኛል።

እዚያ የምንውለው ሁለት ነበርን፤ ቆጣሪ የማነበው እኔና የጥበቃ ሠራተኛው ሽማግሌ። ጋሼ እላቸው ነበር። ጋሼ ምሳ ላይ የሚያደክሙ ሰው ናቸው። «እንብላ ጋሼ» ስላቸው «በልቻለሁ» ይላሉ። የት እንደበሉ እግዜር ይወቅ፤ ከጠዋት ጀምሮ አብረን ነን። «ትንሽ ይቅመሱ» ስል «ጠግቤያለሁ ልጄ» ይሉኛል። «በሞቴ» ስላቸው ብቻ ቀስ ብለው ተነስተው እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከዚያ በኋላማ ከእኔ የበለጠ የሚበሉት እሳቸው ናቸው። ይህ በየቀኑ ይደገማል። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር፤ ግን ያለዚያ ልመና ምሳው ምሳ አይመስለኝም።

ክረምቱ ሲገባ ሳንባቸውን ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ምትክ ጥበቃ ተላከ፤ ለማታ ብቻ። ቀን ቀን ብቻዬን ቀረሁ።

ብቻን መብላት አላውቅበትም። ባደግኩበት ቤት «እንብላ» ሳይባል ወደ ገበታ እጅ አይሰነዘርም። መስከረም ላይ አንድ ቀን ምሳ ዕቃዬን ስከፍት ቃሉ ከአፌ አመለጠኝ። ከምውልበት ክፍል ግንብ ኋላ፣ በባሕር ዛፉ በኩል፣ «በልቻለሁ» የሚል ድምፅ መጣ።

ነፋስ ነው አልኩ። በማግስቱ ሆን ብዬ ደገምኩት፤ መለሰልኝ። ወጥቼ ግንቡን ዞርኩ። ማንም የለም። መሬቱ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኗል፤ ሰው ቢረግጠው መንኮሻኮሹ ቤት ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሳ አልወርድ አለኝ። «እንብላ» ሳልል መጉረስ አይሆንልኝም፤ ብዬ መልሱን ስሰማ ደግሞ ክዳኑን መልሼ እገጥማለሁ። ምሳውን እንዳለ ይዤው እመለሳለሁ። እናቴ ክዳኑን ስትከፍት ፊቷ ይጠቁራል።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ በቀትር ምን ነክቶሽ ነው?» አለችኝ።

የቀትር ጋኔን ማለቷ ነው። እኔን ያስፈራኝ ግን ጋኔኑ ሳይሆን የገዛ አእምሮዬ ነበር። አጎቴ የጀመረው እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ከሌለ ሰው ጋር ሁለት ሦስት ቃል ይለዋወጥ ነበር፤ ዛሬ ወንድም እኅቶቹን ለይቶ አያውቅም። የእሱ ዕጣ ደርሶኛል ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አድር ነበር። እናቴ ጠበል ልትወስደኝ ቀን ቆርጣለች፤ እኔም ሥራዬን ልለቅ ወስኜ ለአለቃዬ የምናገረውን አሰላስል ነበር።

በኅዳር፣ ጉሙ ወርዶ ታንከሩ እንኳ በማይታይበት ቀን፣ ምስር ወጥ ይዤ ነበር።

«እንብላ።»

«በልቻለሁ።»

ድምፁ የደከመው መሰለኝ፤ አንጀቴን በላኝ። «ትንሽ ይቅመሱ» አልኩ።

«ጠግቤያለሁ።»

ቀጣዩ ቃል በልማድ ወጣ። «በሞቴ» ብዬ አፌን ሳልገጥም ምን እንዳልኩና ማንን እንደለመንኩ ገባኝ። ከዚያ ቅጠሉ መንኮሻኮሽ ጀመረ፤ ኮቴው ግንቡን ዞሮ ቀጥታ ወደ በሩ መጣ።

በሩ ላይ የቆሙት አንዲት እንጨት ለቃሚ እናት ናቸው። ሸክማቸውን ከግንቡ አስደግፈው ኖሮ ገመዱ ትከሻቸው ላይ ቀርቷል። ሰው ማየቴ ነፍሴን መለሰልኝ፤ ልስቅም ልናደድም ቃጣኝ።

«ለካ እርስዎ ነዎት በየቀኑ የሚመልሱልኝ» አልኳቸው።

«እኔ? እኔማ ክረምት ከገባ ወዲህ ዛሬ ገና መውጣቴ ነው ልጄ። ጉልበቴን ታምሜ ተኝቼ ነበር።» ዐይናቸው ክፍሉን ይፈልጋል። «ግንቡ ጋ ላርፍ ብል ስትለምኛቸው ሰማሁሽ። ላግዝሽ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ሽማግሌ ሰው ባዶ ሆዱን አይውልም። ለእኔ ውኃ ሲቀዱ አይሰለቹ፣ ለራሳቸው ግን እንዲህ ናቸው።»

ማንን እንደሚሉ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼን ነዋ፣ ጥበቃውን። የት ገቡ? አሁን እኮ ጠግቤያለሁ ሲሉሽ ሰማኋቸው።»

ማረፋቸውን ልነግራቸው ብዬ ተውኩት። መስከረምንና ጥቅምትን ሙሉ አብጃለሁ ብዬ ስፈራ ኖሬ፣ በዚያች ደቂቃ ምነው ባበድኩ ብዬ ተመኘሁ።