የጥንቅሽ ሻይ

ልጄ ስኳር ይቅርብህ ብላ ከሱቅ በጠርሙስ የሚሸጥ ወፍራም ቡናማ ፈሳሽ አመጣችልኝ። ከተክል የተጨመቀ ነው፤ ሻይ ውስጥ በማንኪያ ይጨመራል። ትናንት ስጎነጨው ጉሮሮዬ ላይ የቀረውን ጣዕም አወቅሁት። ታላቅ ወንድሜ አበራ በጃንሆይ ዘመን መቱ ላይ እንዲህ ያለውን ሞክሮ ነበር።

እኔ ያኔ ጎሬ ሁለተኛ ደረጃ እማራለሁ፤ ዓርብ ማታ ወደ መቱ እመጣለሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እናቴንም እኔንም የሚያኖረን የአበራ ሻይ ቤት ነበር። የዚያን ዓመት ዝናቡ ጥቅምት ገብቶም አላባራም። ስኳር የጫኑት መኪኖች ከያዮ ወዲያ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ማር በአገሩ ሞልቷል፤ ግን ገና ከዛፍ ሳይወርድ ጠጅ ቤቶቹ ይዋዋሉታል። ሻይ ያለ ስኳር ማን ይጠጣል? ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ።

አበራ ጥንቅሽ አሰበ፤ ልጆች እየላጡ የሚያኝኩትን ጣፋጭ የማሽላ አገዳ። ዓርብ ማታ ልጠን፣ በሙቀጫ ወቅጠን፣ በነጠላ ጨመቅነው። ጭማቂውን በእናታችን የጠላ እንስራ አሳደርነው። እንስራው በወይራ የታጠነ ነው። በእኛ ቤት ንጹሕ ዕቃ ማለት የታጠነ ዕቃ ነበርና ማናችንም ሌላ አላሰብንም።

ቅዳሜ ጠዋት እስኪወፍር አፍልቶ ለሐጂ ኑሩ በሻይ ቀዳላቸው። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው የተቀመጡበት ቤት ሙስሊም ነጋዴው ሁሉ ይቀመጣል። አሸተቱና ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት።

«አበራ፣ ይሄን ጠጥቼ ስንገዳገድ ሚስቴ ዘንድ ተሸክመህ የምታደርሰኝ አንተ ነህ?»

ቤቱ ሳቀ። አበራም ሳቀ፤ ፊቱ ግን ቀልቶ ነበር።

«ሰኞ ይምጡ ሐጂ። የጠላ ሽታ ካገኙበት ቤቱን እዘጋዋለሁ።»

«ሰኞ እመጣለሁ። መዝጋቱን ተወው፤ እኔ የት ልቀመጥ?»

ከሰዓት በኋላ አበራ ከሶር ወንዝ ማዶ፣ ከአክስታችን ማሳ፣ አዲስ ጥንቅሽ ሊያመጣ ወጣ። ልከተልህ ስለው ጥናትህን አጥና አለኝ።

አመሻሽ ላይ ሰዎች በቃሬዛ ይዘውት መጡ። ሲመለስ የግንዱ ድልድይ አዳልጦት ወንዙ ወሰደው። በኦሮምኛ ቀስ ብለው ነገሩን። የጥንቅሹ ሸክም ዳር ላይ ቁጥቋጦ ይዞት ተገኝቶ ኖሮ አንደኛው በር ላይ አስደግፎት ሄደ።

እሑድ ቀበርነው።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ለቀስተኛ ሞልቶት ነበር። እናቴ ከቅዳሜ ጀምሮ አልተናገረችም፤ አላለቀሰችምም። ጥንቅሹን አየሁት። ጫፍ ጫፉ መቅላት ጀምሯል፤ ያን ቀን ከዋለ ይኮመጥጣል። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ቢላዋ አንስቼ መላጥ ጀመርኩ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ መጥተው እጄን ያዙ። በልቅሶ ቤት እሳት የሚያነድ ጎረቤት ነው፣ የቤቱ ሰው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ሰው ምን ይላል አሉኝ። ሐጂ ዛሬ ይመጣሉ አልኳቸው። ትንሽ አይተውኝ እጄን ለቀቁኝ።

እንስራውን አልነካሁትም። ጭማቂውን ውሃ ብቻ በምናፈላበት ድስት ጣድኩት፤ አረፋውን ገፈፍኩ። ቶሎ እንዲወፍር እንጨት ጨመርኩበት። ከኋላዬ ሰው ቆመ።

«እሳቱን ቀንስ» አለች እናቴ። «ያርርብሃል።»

ማማሰያውን ከእጄ ወሰደች። እያማሰለች ማልቀስ ጀመረች።

ሐጂ ኑሩ ረፋዱ ላይ መጥተው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። ብርጭቆውን ሰጠኋቸው። ሳያሸቱ ጠጡት።

ሻይ ቤቱን በኋላ እናቴ ያዘችው፤ እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ። ዛሬ ሳስበው እትዬ አስካለ ልክ ነበሩ፤ ወጉ ደግ ወግ ነው። ግን ያን ጠዋት እጄን ባይለቁኝ ኖሮ፣ እናቴ በምን ተነስታ ትመጣ እንደነበር አላውቅም።