ሽጉጡን በስግደት መለካት

ደሴ ያለው የጨርቅ ሱቄ በሌባ ከተሰበረ ወዲህ ሰው አላምንም። የመሣሪያ ፈቃድ አወጣሁና ኮምቦልቻ አጎቴ ዘንድ ወረድኩ። ስድስት ጎራሽ ከሆኑት ሁለት ሽጉጦቻቸው አንዱን ሊለቁልኝ ተስማምተው ነበር። አንዱ ግዙፍ ነው፤ አውራ ጣት የሚያህል ጥይት ይጎርሳል። ሌላው መዳፍ ውስጥ የሚገባ ሲሆን ጥይቱም ቀጭን ነው።

እኔ ትልቁን አነሳሁ። እሳቸው ትንሹን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ጥሩውን ለልጃቸው አስቀርተው ጥይት የማይገኝለትን ሊያሸክሙኝ ነው አልኩ በሆዴ።

«የዚህ ጥይት ይገኛል?»

«ወላሂ፣ ከትልቁ ይልቅ የሚገኘው የሱ ነው።»

መሐላቸውንም ጠረጠርኩት። ፊቴን አይተው ሳይገባቸው አልቀረም፤ የትልቁን ጥይቶች አራገፉና «በል ታጠቀውና ስገድ» አሉኝ።

ሽርጤ ላይ ሻጥ አድርጌው ሳጎነብስ እጀታው ጎድኔን ወጋኝ። ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ ደግሞ ሸሚዜን ገልጦ ብቅ አለ። በትንሹ ስሰግድ ግን ምንም አልታየም።

«ለመስጊድ የማይሆን ሽጉጥ ላንተ አይሆንም» አሉ። ትንሹን ወሰድኩ።

ጁምዓ ትንሹን ታጥቄ ደሴ መስጊድ ገባሁ። ሰው ሁሉ ግንባሩን ደፍቶ ሱጁድ ሲወርድ እኔ የፊቴን ሰልፍ ወገብ እፈትሻለሁ፤ ማን ታጥቋል፣ ማን አልታጠቀም። ኢማሙ ከቁርኣን ምን እንደቀሩ አንድም አልሰማሁም። ሶላቱን ለሚዘጋው ሰላምታ ፊቴን ወደ ቀኝ ሳዞር፣ ከጎኔ የሰገደው የሱቅ ጎረቤቴ ዓይኑን ከወገቤ ላይ ሲያነሳ ያዝኩት።